በረት ውስጥ "ተፈጥሮ" የምንለው፦ ስለ ወተት ላሞች ለተጻፈ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በወዳጆቼ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የነበረ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ጸሐፊው ክዊር ቲዮሪ የሚባለው የአስተሳሰብ ዘርፍ ስለ ወተት ላሞችና ስለ ዘላቂ ግብርና የሚያነሳቸውን ሐሳቦች አንብበው እጅግ ተቆጥተዋል። ቁጣቸው አምስት ነጥብ አለው። ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ስለሆነ የአዲስ አበባን በረት አይመለከትም፤ ተፈጥሮ ኮርማና ላም ብላ ነገሩን ጨርሳዋለች፤ የማትወልድ ላም የበላችውን መኖ ስለማትከፍል መወገድ አለባት፤ ዘላቂነት የሊትር ሒሳብ ስለሆነ መፍትሔው የሆልስቲን (ፍሪዥያንም የሚባለው የውጭ የወተት ላም ዝርያ) ዲቃላ ብቻ ነው፤ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ወተት ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችን መናቅ ነው ይላሉ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሠራው በመሀል አዲስ አበባ ነው፤ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ጓሮዎች እስካሁን ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። ጸሐፊው ቲዮሪውን አለመውደዳቸው መብታቸው ነው፤ ስለዚያ ብዬ አልጽፍም ነበር። የምጽፈው ቲዮሪውን ለመጣል ሲሉ ስለ ላሞቹ ትክክል ያልሆነ ነገር ስላሰፈሩ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ በረት ውስጥ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው።

ጽሑፋቸው ቲዮሪው ራሱ ምን እንደሚል አይነግረንም፤ ስለዚህ በአጭሩ ላስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልክ ይዞ የወጣ ነው። ዋና ጥያቄው፣ ስለ ጾታ፣ ስለ መውለድና ስለ ቤተሰብ ተፈጥሯዊ ነው ወይም ጤነኛ ነው የምንለውን ማን ወሰነው፣ ከመስፈርቱ ውጭ የቀረውስ አካል ምን ይደርስበታል የሚል ነው። ከጊዜ በኋላ አንዳንድ ምሁራን ይህንኑ ጥያቄ ወደ እንስሳትና ወደ አካባቢ ጥበቃ ወሰዱት። የወተት ላም እዚህ ጋ ትመጣለች። መፀነሷ፣ መውለዷ፣ ማጥባቷና መንጠፏ ሁሉ በሰው እጅ፣ በቀን መቁጠሪያና በመዝገብ የሚመራ እንስሳ ስለሆነች ስለ እርሷ መጠየቁ የሚያስገርም አይደለም።

ከውጭ መጣ የሚለው ክስ ላይ ብዙ አልቆይም። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ የዘመናዊ ወተታችን ታሪክ ከዚያ ይነሳል። ከ1967 ጀምሮ ስዊድኖች በአርሲ፣ በጭላሎ ልማት ፕሮጀክት አማካይነት የዲቃላ ላሞችን ሥራ አስፋፉ። ዛሬ ጓሯችን ውስጥ የቆመችው ጥቁርና ነጭ ላም፣ አባለዘሩ የሚቀመጥበት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ጥሩ ላም በሊትር የምትመዘንበት መዝገብ፣ ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ላሟን ከውጭ አስገብተን ስለ ላሟ የሚነሳውን ጥያቄ ከውጭ መጣ ብለን ልንመልሰው አንችልም።

ሁለተኛው ነጥብ ግን የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እይዘዋለሁ።

ተፈጥሮ ግልጽ ናት፣ ኮርማ ያጠቃል፣ ላም ትወልዳለች፣ ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ መዛባት ነው ብለዋል። ላም ኮርማ መፈለጓ በምን እንደሚታወቅ ማንኛውንም አርቢ ይጠይቁ። ትጮኻለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ መብላት ትቀንሳለች፣ ከብልቷ ንጹሕ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይወርዳል። ከሁሉ በላይ የሚታመነው ምልክት ግን ሌላ ላም ስትወጣባት ጸጥ ብላ መቆሟ ነው። ሴት በሴት ላይ ትወጣለች፤ ይህም በየ21 ቀኑ ገደማ የሚመላለስ ነገር ነው። አዳቃይ ባለሙያ ሲጠራ አስቀድሞ የሚጠይቀው መቼ እንደቆመች ነው። ጠዋት ከታየች ማታ፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። የአገራችን የማዳቀል ሥራ አብዛኛው የሚመራው ጸሐፊው መዛባት ባሉት በዚሁ ባሕርይ ነው።

ይህን ስል ላሞች እንደ ሰው ያለ ማንነት አላቸው ማለቴ አይደለም። ነገሩን የሚቀሰቅሰው ድራት፣ ማለትም ላሟ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ሲመጣ የሚጨምረው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። የሰውን ስም በላም ላይ መለጠፍ ላሟንም ሰውየውንም አይጠቅምም፤ በዘርፉ ውስጥ ያሉ ጠንቃቃ ጸሐፊዎችም ከዚህ ይጠነቀቃሉ። የምለው ሌላ ነው። ላሞች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ከቁብ ባለመቁጠር፣ ዋናው ነገር ላምና ኮርማ ነው ብለን በመደምደማችን፣ በመሀል ከተማ ብዙ ላሞችን ያለ ጥፋታቸው መካን ብለናል።

እንዴት ቢባል፣ የአራት ኪሎ ጓሮ ጠባብ ነው። አንዲት ላም ብቻዋን በአጭር ገመድ ትታሰራለች፤ ሁለት ቢሆኑም ወለሉ የሚያንሸራትት ሲሚንቶ ስለሆነ አንዷ በሌላዋ ላይ ለመውጣት አትደፍርም። ዜቡ ከሚባሉት ሻኛ ካላቸው የአገር ውስጥ ከብቶች ደም ያላት ከሆነች ደግሞ ድራቷ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው በተኛበት በሌሊት ይመጣል። አንዱ 21 ቀን ያልፋል፣ ሌላው ያልፋል፣ ባለቤቲቱ መኖ እየገዙ ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻ ላሟ አትይዝም ተብላ ለሥጋ ትሸጣለች። እንዲህ ያሉትን ስመረምር ማሕፀናቸው ጤነኛ፣ የእንቁላል እጢያቸው የሚሠራ ሆኖ የማገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። የጎደላቸው ሌላ ላም ነው። ስለ በረት አሠራር ስንነጋገር ለላም ላም ታስፈልጋታለች የሚል ሐሳብ በቁም ነገር ሲነሳ የሰማሁት እምብዛም ነው፤ ቲዮሪውን የሚጽፉት ሰዎች ግን በእንስሳት መካከል ያለው ግንኙነት ከመራባት ሒሳብ ሰፋ ብሎ ይታይ እያሉ ቆይተዋል።

ተፈጥሮ ኮርማና ላም ብላ ጨርሳለች የሚለውንም መንታ ጥጆች ይመልሱታል። ወንድና ሴት መንታ ሲፀነሱ የእንግዴ ልጃቸው የደም ሥሮች እርስ በርስ ይያያዛሉ። የወንዱ ሆርሞንና የደም ሕዋሳት ወደ ሴቷ ይሻገራሉ፤ የማሕፀኗና የእንቁላል እጢዋ እድገት ይስተጓጎላል። ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጊደሮች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አይወልዱም፤ በደማቸውም ውስጥ የወንድና የሴት ሕዋሳት አብረው ይገኛሉ። ጆን ሃንተር የተባለው ሐኪም ስለ እነርሱ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1779 ሲሆን፣ ምክንያቱ ከደም ሥሮቹ መገናኘት መሆኑን ፍራንክ ሊሊ ያብራራው በ1916 ነው። ቲዮሪው ከመወለዱ ብዙ ዘመን በፊት ማለት ነው።

ኮርማውስ የት አለ? በመሀል አዲስ አበባ የሚወለደው የዲቃላ ጥጃ አባት ብዙ ጊዜ ከጓሮው ደርሶ አያውቅም። ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል ያለው ቃሊቲ ነው፤ አባለዘሩ በቀጭን ቀሰም ቀዝቅዞ ይመጣል፤ ኮርማው ምናልባት ከሞተ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ጾታው የተለየ አባለዘር አለ። ሴት ጥጃ የሚያስወልደው ሕዋስ ከወንዱ በ4 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዲኤንኤ ስላለው በሌዘር መሣሪያ ይለያል፤ ከሚወለዱት 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ይሆናሉ። እኔ ይህን አልቃወምም፤ ራሴም ድራት ለማቀናጀት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሆርሞን እወጋለሁ። ግን በመርፌ፣ በናይትሮጅንና በሌዘር የሚሠራውን ሥራ እየሠራን ተፈጥሮ እንዲህ አዘዘችን ማለት አንችልም። ያዘዝነው እኛ ነን፤ ስለዚህ ለምን እንዲህ እንዳዘዝን ስንጠየቅ መመለስ ያለብን እኛ ነን።

የማትወልድ ላም መወገድ አለባት ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው ይህን እንደ ገበሬ ጥበብ አቅርበውታል። የደጋው ገበሬ ግን እንዲህ አያስብም። ጤፉን፣ ስንዴውንና ገብሱን ለዘመናት ያረሰው የተኮላሸ በሬ ነው፤ የማይወልድ፣ የማያስወልድ እንስሳ። ስም ይወጣለታል፣ ይወደስለታል፣ ይዘፈንለታል፤ ቤት ውስጥ በክብር ከሚያዙት እንስሳት ቀዳሚው እርሱ ነው። የእርሻችን የጀርባ አጥንት ከመራባት ውጭ ያለ አካል ሆኖ ሳለ፣ መራባት የማይችል አካል በእርሻ ቦታ የለውም የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከእኛ ማሳ አይደለም። ወተት ብቻ ከሚቆጠርበት ዘመናዊ በረት የመጣ ሐሳብ ነው።

መሲናዋን ገበሬ ወዲያው አያርዳትም፤ ያደልባታል፣ አንዳንዴም በሬ ሲጎድል ቀንበር ላይ ትገባለች። እበቷ ማገዶና ማዳበሪያ ነው። በከተማ ሒሳቡ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ በየወሩ ዋጋቸው እየጨመረ አንዲት እናት ያልወለደች ላም ዓመት ሙሉ መቀለብ አይችሉም። እርሳቸው ሲሸጧት ትክክል ናቸው። የማልቀበለው የእርሳቸውን ጭንቀት ወስዶ ሕግ ማድረግን ነው። ላም ስትመክን የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ጎድሏት ነው መሆን አለበት፤ መኖዋ ኃይል ሰጪ ነው ወይ? ሰኮናዋ ታሟል ወይ? ውርጃ የሚያመጣ በሽታ አለባት ወይ? ባለሙያው በሰዓቱ ደርሷል ወይ? ጽሑፉ ግን ላሟን ጥፋተኛ አድርጎ ከዚያ አያልፍም።

እዚህ ላይ ቲዮሪው ውስጥ ያለ አንድ ክርክር ጠቅሞኛል። ሊ ኤደልማን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2004 ፖለቲካው ሁሉ ለሚወለደው ሕፃን ነው እየተባለ እንደሚመራ፣ የማይወልዱትም የነገ ጠላቶች ተደርገው እንደሚታዩ ተከራከረ፤ መደምደሚያውም ነገን አሻፈረኝ ማለት ነበር። ሌላው የዘርፉ ምሁር ሆሴ ኤስቴባን ሙኞዝ በ2009 መለሰለት፤ ነገን መተው አያስፈልግም፣ ያልተለመደ ነገ ማሰብ ግን ያስፈልጋል አለ። እኔ ከሙኞዝ ጋር ነኝ። ከበረት አንጻር ካየሁት ደግሞ ኤደልማን ያልነካው ነገር አለ፦ እዚህ የሚወለደው ሁሉ ነገ አለው ማለት አይደለም። በከተማ በረት የሚወለድ የፍሪዥያን ወንድ ጥጃ የሚጠጣው ወተት ከሽያጭ የሚቀነስ ስለሆነ ቶሎ ይሸጣል ወይም እየከሳ ያድጋል። ዘላቂነት የምንለው ዕቅድ ከሚወለዱት ጥጆች ግማሹን ከመጀመሪያው ከሒሳብ ውጭ አድርጎ የሚነሳ ከሆነ፣ ዕቅዱን መመርመር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

አራተኛው ነጥባቸው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። የአገር ውስጥ ላም በአማካይ በቀን ከ2 ሊትር በታች ትሰጣለች፤ በደንብ የተያዘች ዲቃላ የዚያን ብዙ እጥፍ። ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣው ሚቴን ሲሰላ ዲቃላዋ ትሻላለች። ይህን የሚክድ ባለሙያ የለም፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ለወተት ምርት ትኩረት የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ሊትር ብቻ የሚቆጥር ዓይን የማያያቸው ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት በሰሜን አሜሪካ ለማዳቀል የሚያገለግሉ የሆልስቲን ኮርማዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአባት መስመር በ1960ዎቹ ከተወለዱ ሁለት ኮርማዎች እንደሚመዘዙ አሳየ። ከሁለቱ አንዱ፣ ቺፍ የተባለውና በ1962 የተወለደው፣ ጽንስ የሚያስወርድ የዘር ጉድለት ይዞ ነበር፤ ጉድለቱ በዓለም ዙሪያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ጽንስ እንዳስወረደ ተገምቷል። ጥሩ ወተት የሚል አንድ መስፈርት ይዞ ሌላውን ሁሉ አካል ማግለል መጨረሻው እንዲህ ነው፤ ቲዮሪው የሚጠይቀው ከመስፈርት ውጭ የቀረው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እዚህ በቀጥታ የዘረ መል ጥያቄ ይሆናል።

እኛም ጋ ውጤቱ ታይቷል። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የከብት ሳንባ ነቀርሳ በሆልስቲኖች 22.2 በመቶ፣ በዜቡዎች 11.6 በመቶ ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚሁ አካባቢ ከተመረመሩ የወተት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ የበሽታው ምልክት እንዳለባቸው አሳየ። ወተት ሳይፈላ የሚጠጣበት ከተማ ላይ ይህ የሰው ጤና ጉዳይ ነው። ብዙ የምትታለበው ላም ብዙ ፋጉሎ ትፈልጋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቷል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ገደብ ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ፤ ዋና ምንጭ ሆኖ የተገኘውም በሻገተ ኑግ ፋጉሎ የሚመጣው መኖ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሸኮ አለች፤ በደቡብ ምዕራብ የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን ገንዲ ተቋቁማ የምትኖር፣ ቁጥሯ እየመነመነ ያለ ዝርያ። ፎገራ አለች፣ ሆሮ አለች፣ በጋይትና ቦረና አሉ። እነዚህን ወደ ኋላ የቀሩ ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ ዘላቂነት እየጻፈ አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ በጣም ልቤን ነክቶኛል፤ እናቶችን ናቃችሁ የሚለው። የማክማቸው ላሞች ባለቤቶች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው ያልባሉ፣ እበት ይጠርጋሉ፣ ወተቱን በየቤቱ ያደርሳሉ። ስለ ላሟ እናትነት የሚጠይቅ ሐሳብ እነርሱን እንዴት እንደሚንቅ አልገባኝም። ወተቱ የማን ድካም ነው፣ ሽያጩስ በማን እጅ ይገባል ብሎ የሚጠይቀው ይኸው ሐሳብ ነው። ቤተሰብ ባልና ሚስት ብቻ አይደለም የሚለውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አንዲት ላም በርቢ ስትሰጥ ባለቤቷ አንድ ቤት፣ አሳዳሪዋ ሌላ ቤት ይሆናሉ፤ የሚወለደው የሁለቱም ነው። ካዛንቺስና ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ የግቢ ጎረቤቶች ተበተኑ፤ ከእነርሱ ጋር እንዲህ ያለው የጋራ ላም ጥበቃም አብሮ ፈረሰ። ጸሐፊው እናቶችን መከላከል ከፈለጉ ከዚህ ቢጀምሩ ደስ ይለኝ ነበር።

በቲዮሪው ላይ የራሴ ቅሬታ አለኝ። አንዳንድ ጸሐፊዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ላሞች የሚታለቡበትን የካሊፎርኒያ እርባታ እያዩ ወተት ራሱ ይቅር ይላሉ። ሁለት ላም ይዘው ሦስት ልጅ የሚያስተምሩ እናት በዚያ ፍርድ ውስጥ መካተት የለባቸውም። ወተት መተውን በተመለከተም ይህች ከተማ ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴን ጨምሮ ሌሎቹ አጽዋማት ተደምረው ኦርቶዶክስ ምእመን ከዓመቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ከወተት ርቆ ያሳልፋል። ችግሩ ላሟ አለመጾሟ ነው፤ ገዥው ሲጠፋ ወተቱ ቅቤና አይብ ካልሆነ ይደፋል። ዘላቂ ግብርና ለአዲስ አበባ ሲታሰብ ይህን የራሳችንን ዑደት የሚያውቅ ማቀዝቀዣና የቅቤ ሥራ መታሰብ አለበት፤ ይህን ከውጭ የሚነግረን የለም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጽሑፉ ሲያበቃ ስለ ላሞች የጀመረውን ክርክር ሰዎችን ወደ መሳደብ አዙሮታል። በአገራችን የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሕግ ያስቀጣል፤ ስማቸው የሚነሳው ሰዎች በአደባባይ መልስ መስጠት አይችሉም። መልስ መስጠት የማይችልን ሰው መስደብ ነውር ነው፤ ለዚያ ስድብ የእኔን ሙያና የእኔን ላሞች ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም።

ጸሐፊው ታዲያ ነገ ጠዋት በረት ውስጥ ምን ይለወጥ ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ አንድ ላም ያላቸው ጎረቤቶች ላሞቻቸውን ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት በአንድ ግቢ ይፍቱ፤ ወለሉ ላይ ጭድ ወይም አሸዋ ይደረግ፤ የትኛዋ በየትኛዋ ላይ እንደወጣች በደብተር ይጻፍ። አዳቃይ ባለሙያ መካን የሚለውን ቃል ከመጻፉ በፊት ላሟ ብቻዋን ታስራ እንደሆነና መኖዋ ምን እንደሆነ ይመዝግብ። የሆልስቲን ደም በየትውልዱ እየጨመረ እንዲሄድ ከማድረግ ይልቅ የቦረናና የፎገራ ኮርማዎች አባለዘር ለከተማ አርቢዎችም ይቅረብ። ወንድ ጥጆችን ሰብስቦ የሚያሳድግና የሚያደልብ ማኅበር ቢቋቋም እኔ ክትባታቸውን ያለ ክፍያ እሰጣለሁ።